መርከባችን ካዲዝ ለአንድ ቀን ትቆማለች፤ ከእናቴ ጋር በእግራችን ምን ማየት እንችላለን?

የደብረ ብርሃኗ፦

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንዴት ከረማችሁ። ጥቅምት መጀመሪያ ላይ እኔና እናቴ ጀርመን ካለው ወንድሜ ጋር በመንገደኛ መርከብ ልንሄድ አስበናል። መርከቧ ከባርሴሎና ተነሥታ ታንጀር፣ ሊዝበንና ካዲዝ እያረፈች ተመልሳ ባርሴሎና ትገባለች። ካዲዝ የምንውለው ረቡዕ ነው። የጉዞው ወረቀት 8:00 መድረሻ፣ 17:00 መነሻ ይላል፤ በእኛ ከጠዋቱ 2 እስከ ቀኑ 11 ሰዓት መሆኑ ነው።

መርከቧ ላይ የሚሸጠው የአውቶቡስ ጉብኝት ለሦስት ሰው ሲባዛ ኪስ ይጎዳል። በእግራችን ብንዞር ይሻላል ብለናል። እማዬ አንኮበር ተወልዳ ያደገች ስለሆነች ዳገት አያስፈራትም፤ ደረጃ መውረድ ግን ጉልበቷን ያማታል። ረቡዕ ስለሆነም ትጾማለች፣ ዓሣም አትቀምስም።

ከየት ተነሥተን በየት ብንዞር ይሻላል? ጥላና መቀመጫ የት አለ? የምትበላው ነገር ይገኛል? ወንድሜ ደግሞ "ሴቪያ የምትባለው ከተማ ደርሰን እንመለስ" ይላል፤ ይሆናል ወይ? ቪዛውን ገና አላስገባንም፤ በዚያም በኩል የምታውቁትን ጣል አድርጉልኝ።

ጣርማበር፦

እህቴ፣ ለእግረኛ እንደ ካዲዝ የሚመች የወደብ ከተማ ስፔን ውስጥ ብዙ የለም። አሮጌው ከተማ ባሕር ውስጥ ገብቶ በቀረ ምድር ጫፍ ላይ ነው ያለው። በሦስት በኩል ውኃ ነው፣ መሬቱ ሜዳ ነው፣ ከዳር እስከ ዳርም አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ቢሆን ነው። ወደቡም ከከተማው ጋር የተጣበቀ ስለሆነ ማመላለሻ አትፈልጉም። መርከቧ እንደቆመችበት ቦታ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ብትሄዱ የወደቡ በር ላይ ትደርሳላችሁ፤ ከዚያ ሰፊውን አስፋልት ስትሻገሩ የሳን ሁዋን ዴ ዲዮስ አደባባይ ነው። ሰዓት ያለበት ትልቁ ሕንፃ ማዘጋጃ ቤቱ ነው። የምትመለሱትም በዚሁ ነውና ገና ከመነሻው ዞር ብላችሁ በሩን አስተውሉት።

ቶሎ ብላችሁ አትውረዱ። 8:00 ላይ መውረጃው በአውቶቡስ ጎብኚዎች ይጨናነቃል፣ ከተማውም ገና አልተከፈተም። 9:00 ላይ ብትወጡ ይበቃል።

ከማዘጋጃ ቤቱ ጎን በፖፑሎ ቅስት በኩል ግቡ። ፖፑሎ የመካከለኛው ዘመን ሰፈር ነው፣ ከድሮው ቅጥር የተረፉ ሦስት በሮች አሉት። እዚህ ግድግዳውን ቀረብ ብላችሁ እዩት፦ ድንጋዩ ውስጥ የባሕር ቀንድ አውጣና የኦይስተር ቅርፊት እንደተሰገሰገ በዓይን ይታያል፣ በጣትም ይዳሰሳል። ከባሕሩ ዳር የተፈለጠ ድንጋይ ነው፤ ከተማው ከሞላ ጎደል በዚሁ ነው የተሠራው። በየጥጋጥጉ ደግሞ አፉ ወደ ላይ ሆኖ መሬት ውስጥ የተተከለ አሮጌ መድፍ ታያላችሁ። ጋሪ ሲታጠፍ የቤቱን ጥግ እንዳይመታው የተቀበረ ነው። አስጎብኚዎች ብዙ ጊዜ ያልፉታል፤ ለእኔ ከሐውልቶቹ ሁሉ ይበልጣል።

የሮማውያኑ ቴአትር እዚያው ፖፑሎ ውስጥ ነው፣ መግቢያው በነፃ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በአንደኛው ክፍለ ዘመን ተሠርቶ በላዩ ላይ ቤት ስለተሠራበት ተረስቶ ቆየና በ1980 ተገኘ (ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። አሁንም ከፊሉ ከቤቶቹ ሥር ነው። ፊንቄያውያን ጋዲር ብለው የመሠረቷት ከተማ ስለሆነች የትም ቢቆፈር አንድ ነገር ይወጣል።

ከዚያ ካቴድራሉ። በ1722 ተጀምሮ የተጠናቀቀው በ1838 ነው። ከታች ያለው ድንጋይና ከላይ ያለው በቀለም የተለያየው በዚህ መሃል ገንዘቡ ስላጠረ ነው። ውስጥ ገብታችሁ ቀና ስትሉ ከጣሪያው ሥር መረብ ተዘርግቷል፤ የባሕር ጨው ድንጋዩን እየበላው ፍርካሹ ሰው ላይ እንዳይወድቅ ነው። ምድር ቤቱ ከባሕር ወለል በታች ነው፤ የሙዚቃ ደራሲው ማኑኤል ዴ ፋያ እዚያ ተቀብሯል። ምድር ቤቱ ደረጃ አለው፤ እናትሽ ላይ ሆነው ቢጠብቁ ይሻላል።

ከካቴድራሉ ጀርባ ካምፖ ዴል ሱር የሚባለው የባሕር ዳር መንገድ አለ። አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ዛፍ የሚባል የለውም፤ ስለዚህ ከ11:30 በፊት እለፉት። መጨረሻው ላ ካሌታ ነው፤ በሁለት ምሽጎች መካከል ያለች ትንሽ የባሕር ዳርቻ። በስተቀኝ ያለው ሳንታ ካታሊና በ1596 እንግሊዞችና ሆላንዶች ከተማዋን ዘርፈው ካቃጠሉ በኋላ የተሠራ ነው። በነፃ ይገባል፣ ግቢውም ሜዳ ነው። እዚያው አቅራቢያ መንገዱ ዳር ግዙፍ ፊከስ ዛፎች አሉ። የዋርካችን ዘመድ ናቸው፤ ጥላቸው ሰፊ፣ ሥራቸው እንደ ግድግዳ የቆመ። የመጀመሪያውን ረዥም ዕረፍት እዚህ አድርጉ።

ቀጥሎ የባሕሩን ዳር ይዛችሁ በጄኖቬስ መናፈሻና በአላሜዳ አፖዳካ በኩል ዙሩ። ጥላም መቀመጫም ሞልቷል። ከአላሜዳው ወደ ውስጥ ስትታጠፉ ፕላሳ ዴ ሚና፣ እዚያ የካዲዝ ሙዚየም። ለአውሮፓ ኅብረት ዜጎች ነፃ ነው፣ ለሌላው 1.50 ዩሮ። ሰኞ ዝግ ነው፣ የእናንተ ረቡዕ ስለሆነ ችግር የለም። ሌላው ቢቀር መግቢያው ወለል ላይ ያለውን የፊንቄያውያን ክፍል ሳታዩ እንዳትወጡ፤ በሰው መልክ የተቀረጹ ሁለት የእምነ በረድ የሬሳ ሣጥኖች አሉ። የወንዱ በ1887፣ የሴቷ በ1980 ነው የተገኘው። እጃቸውን ተመልከቱ፦ እሱ ፍሬ ይዟል፣ እሷ የሽቶ ጠርሙስ።

ከሙዚየሙ በኋላ ጠባቦቹን መንገዶች ይዛችሁ በሳን ፌሊፔ ኔሪ ቤተ ክርስቲያን በኩል ወደ ገበያው፣ ከዚያ ወደ ካቴድራሉና ወደ ወደቡ ትወርዳላችሁ። በሳን ፌሊፔ ኔሪ የስፔን ምክር ቤት ተሰብስቦ ነው የ1812ቱ ሕገ መንግሥት የወጣው፤ ናፖሊዮን ሌላውን አገር ሲይዝ ከተማዋ ተከባ ሳለች ማለት ነው። የእኛ የመጀመሪያው የተጻፈ ሕገ መንግሥት በ1931 (በእኛ አቆጣጠር በ1923 ዓ.ም.) መውጣቱን እያሰባችሁ ግድግዳው ላይ ያሉትን የመታሰቢያ ጽላቶች እዩ። ጊዜ ከተረፋችሁ ቶሬ ታቪራ የሚባለው ግንብ ላይ ውጡ፤ ከተማዋ ከላይ ስትታይ ሌላ ናት።

ዙሩ በጠቅላላው 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዝም ብሎ ለሚሄድ ሰው ሁለት ሰዓት አይሞላም፣ እያያችሁና እያረፋችሁ ግን ስድስት ሰዓት አስቡለት።

መርከበኛው ከመንዝ፦

መንገዱን ጣርማበር ጨርሶታል፤ እኔ ስለ ወረቀቱና ስለ ሰዓቱ ልጨምር። ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

የእናንተ መስመር ከባርሴሎና ታንጀር ወጥቶ እንደገና ሊዝበን ይገባል። ሞሮኮ ከሼንገን (በአንድ ቪዛ ከሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች) ውጭ ናት። ስለዚህ ባርሴሎና መግባታችሁ አንድ፣ ሊዝበን መግባታችሁ ሁለት። ታንጀር ላይ ከመርከቧ ባትወርዱም ለውጥ የለውም፤ መርከቧ ራሷ ወጥታ ነው የምትመለሰው። አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ ይዞ የሚመጣን ሰው የመርከብ ድርጅቱ ገና ባርሴሎና ላይ አያሳፍረውም፣ የተከፈለውም ገንዘብ ብዙውን ጊዜ አይመለስም። ቅጹ ላይ የመግቢያ ብዛት ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ የሚያስገባውን ምረጡና ወደቦቹ ከነቀናቸው የተዘረዘሩበትን የመርከቧን መርሐ ግብር አያይዙ። የሞሮኮን ቪዛ ነገር ለብቻው የመርከብ ድርጅቱን በጽሑፍ ጠይቁ፤ መልሱንም አትማችሁ ያዙት።

ሁለተኛ፣ ማመልከቻው የሚገባው ብዙ ቀን ለምትቆዩበት አገር ነው። ከመርከቡ በፊት ወይም በኋላ ወንድምሽ ዘንድ ሦስት ሳምንት የምትቀመጡ ከሆነ መርከቧ ከስፔን ስለምትነሣ ብላችሁ ለስፔን አታስገቡ፤ ጀርመን ነው። ቀኑ እኩል ከሆነ መጀመሪያ የምትገቡበት አገር። ከጉዞው ስድስት ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ማስገባት ይቻላል፣ መጨረሻው 15 ቀን ሲቀረው ነው። እስከዚያ ድረስ ግን አትጠብቁ፤ ቀጠሮው ራሱ ወረፋ አለው። የጉዞ ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍንና በሼንገን አገሮች ሁሉ የሚሠራ መሆን አለበት።

ሰዓት። በጥቅምት መጀመሪያ ስፔን ከኢትዮጵያ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ናት፤ ሊዝበንና ታንጀር በሁለት። ከሊዝበን ወደ ካዲዝ ስትመጡ ሌሊት ላይ ሰዓት ይቀየራል ማለት ነው። አንዳንድ መርከብ የራሱን ሰዓት ከወደቡ ጋር ያስተካክላል፣ አንዳንዱ ሳይነካው ይቀጥላል። ስልካችሁ ደግሞ ማንንም ሳይጠይቅ የመሬቱን ሰዓት ይይዛል። የሚገዛችሁ የመርከቧ ሰዓት ብቻ ነው። የዕለቱ ወረቀት ማታውኑ ክፍላችሁ ይመጣል፤ እሱን አንብባችሁ አንድ የእጅ ሰዓት በመርከቧ ሰዓት ሙሉና አትንኩት። እናትሽ በእኛ አቆጣጠር ስለሚያስቡ "11 ሰዓት" እና "11:00" እንዳይምታታ ከመውረዳችሁ በፊት ተነጋገሩ፤ አንዱ ቀን ነው አንዱ ጠዋት።

መነሻው 17:00 ከሆነ ሁሉም ሰው መርከቧ ላይ መገኘት ያለበት አብዛኛውን ጊዜ 16:30 ነው። ለሦስት ሰው ብላ አትጠብቅም። ብትቀሩ የሚቀጥለው ወደባችሁ ባርሴሎና ነው፣ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ በራሳችሁ ወጪ። እኔ ብሆን 15:45 ላይ ማዘጋጃ ቤቱ ፊት እገኛለሁ።

ስትወርዱ የመርከቧን ካርድ ሁላችሁም ያዙ፤ እሱ ከሌለ የወደቡን በር ተመልሶ ማለፍ ጣጣ ነው። ቪዛ የሚያስፈልጋቸውን መንገደኞች ፓስፖርት መርከቧ ሰብስባ የምትይዝበት ጊዜ አለ፤ ስለዚህ የፓስፖርቱንና የቪዛውን ገጽ ቅጂ ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር።

ማዕድ፦

የጾሙን ለእኔ ተዉልኝ። ካዲዝ የዓሣ ከተማ ናት፤ ግን ዓሣም ለማይቀምስ ሰው ረሃብ የለም፣ ጠይቆ ማዘዝ ብቻ ነው የሚፈልገው።

ጠዋት ቶስታዳ ኮን ቶማቴ እዘዙ፦ የተጠበሰ ዳቦ፣ የተፈጨ ቲማቲም፣ የወይራ ዘይት፣ ጨው። ንጹሕ ጾም ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ፦ በዚያ አካባቢ "ማንቴካ" የሚሉት የአሳማ ሞራ ነው፤ "ማንቴካ ኮሎራ" ሲሉ ደግሞ በቀይ በርበሬ ቀለም የተቀባውን። ጠዋት ጠዋት ዳቦ ላይ ይቀቡታል፣ መልኩም የእኛን የበርበሬ ድልህ ይመስላልና እማማ ባለማወቅ እንዳይቀምሱት። "ማንቴኪያ" ደግሞ የላም ቅቤ ነው። ሁለቱንም አይሆንም በሉ። ቡናው "ካፌ ሶሎ" ከተባለ ያለ ወተት ይመጣል፤ "ኮን ሌቼ" ካላችሁ በወተት።

ለምሳ የከተማዋ የራሷ የሆነ ምግብ ፓፓስ አሊኛስ አለ፦ የተቀቀለ ድንች በሽንኩርት፣ በፓርስሊ፣ በወይን ኮምጣጤና በወይራ ዘይት። ለጾመኛ የተሠራ ይመስላል፣ ግን ብዙ ቤት ቱናና እንቁላል ጣል ያደርግበታል። "ሲን አቱን፣ ሲን ኡዌቮ" (ያለ ቱና፣ ያለ እንቁላል) በሉ። ሽምብራ በስፒናች (ኤስፒናካስ ኮን ጋርባንሶስ) ካገኛችሁ ደግሞ ሽሮ ለለመደ አፍ ይስማማል፤ ቾሪሶ (የአሳማ ቋሊማ) እንደሌለበት ጠይቁ። ጋስፓቾ የሚባለው ቀዝቃዛ የቲማቲም ሾርባ ችግር የለውም። ወፍራሙ የቲማቲም ሾርባ ሳልሞሬሆ ግን ከላዩ እንቁላልና የአሳማ ሥጋ ተከትፎበት ነው የሚመጣው። ሰላጣ ዝም ብላችሁ ካዘዛችሁ ቱና ይኖርበታል።

ዋናው ችግር "ሲን ካርኔ" ማለት ብቻውን አለመብቃቱ ነው። "ሥጋ የሌለው" ስትሏቸው ብዙዎቹ የሚያስቡት የበሬውን ነው፤ በስሱ የተቆረጠችውን የአሳማ ሥጋ እንደ ማጣፈጫ ነው የሚያዩአት። "ሲን ሐሞን" ብላችሁ ጨምሩ። ቹሮስ ዱቄት፣ ውኃና ጨው ሆኖ በዘይት የሚጠበስ ስለሆነ ይሆናል፤ ዓሣም ከሚጠበስበት ቤት ግን አትግዙ፣ ዘይቱ አንድ ሊሆን ይችላል።

የምግብ ሰዓቱንም እወቁት። ወጥ ቤት የሚከፈተው 13:00 ገደማ ነው፤ ከዚያ በፊት ምሳ ብትሉ ቁርስ ነው የሚሰጧችሁ። እማማ እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ በስፔኖቹ አቆጣጠር 15:00 ነው፣ ወጥ ቤቱ 16:00 ገደማ ስለሚዘጋ ይደርሳሉ፤ ግን ከወደቡ ሩቅ እንዳትቀመጡ። ማዕከላዊ ገበያው እስከ 15:00 ድረስ ነው የሚሠራው፤ ወይን፣ በለስና የወይራ ፍሬ ከዚያ ገዝቶ መያዝ ነው።

ሰላ ድንጋይ፦

ሴቪያን ለሌላ ጊዜ። ባቡር ጣቢያው ከወደቡ አጠገብ መሆኑ ሰውን ያታልላል። ባቡሩ ለአንድ ጉዞ 1 ሰዓት ከ40 ገደማ ይወስዳል፤ ደርሶ መልስ ከ3 ሰዓት በላይ። መውረጃው ላይ የሚጠፋውን፣ ባቡር መጠበቂያውን፣ ሴቪያ ከጣቢያው ወደ ካቴድራሉ መሄጃውን፣ እዚያ ያለውን ሰልፍና ለመመለሻ የምታስቀምጡትን መጠባበቂያ ስትቀንሱ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ቢተርፋችሁ ነው። ባቡር ቢዘገይ ደግሞ መርከቧ የምትጠብቀው በራሷ አውቶቡስ የወሰደቻቸውን ብቻ ነው። ወንድምሽ ከፈለገ ብቻውን ይሂድ፤ እናትሽን ይዞ አይሆንም።

ጣርማበር ቶሬ ታቪራ ያለው ላይ አልስማማም። ግንቡ ከባሕር ወለል 45 ሜትር ከፍ ይላል፣ ሊፍት የለውም፣ የወጣ ሰው ያንኑ ደረጃ ቆጥሮ ይወርዳል። ችግራችሁ ደግሞ መውረዱ ነው። ከፍ ብሎ ማየት ካማራቸው የካቴድራሉ ግንብ ይሻላል፤ አብዛኛው መውጫ ደረጃ የለሽ ተዳፋት ነው። ጠባብ መሆኑንና ቁልቁለቱ ጉልበት ላይ ጫና ማሳረፉን ግን አስቡበት፤ ምርኩዝ ይዘው ቀስ ብለው ይውረዱ።

ታቪራን እናንተ ሁለታችሁ በተራ ውጡ። ግንቡ ከ1778 ጀምሮ የወደቡ ይፋዊ የመርከብ መጠበቂያ ነበር። በ1717 ከአሜሪካ ጋር የሚደረገውን ንግድ የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ከሴቪያ ወደ ካዲዝ ሲዛወር ነጋዴው ሁሉ መርከቡን አሻግሮ የሚያይበት ግንብ ጣሪያው ላይ አሠራ፤ ዛሬም ከመቶ በላይ ቆመዋል። ከታቪራ ላይ ጣሪያ ለጣሪያ ልትቆጥሯቸው ትችላላችሁ። ግንቡ ውስጥ ባለ ጨለማ ክፍል በመስታወትና በሌንስ የከተማዋን የዚያን ሰዓት ምስል ነጭ ገበታ ላይ ያወርዱታል፤ ሰው ሲራመድ፣ የተሰጣ ልብስ ሲወዛወዝ ይታያል። የሚገባው በቡድንና በቋንቋ ተከፍሎ ስለሆነ ስታልፉ ቲኬቱን ቆርጣችሁ ሰዓታችሁን ያዙ። ደመና ከሆነ ምስሉ ይደበዝዛል፣ አያጓጓም። እናትሽ በዚያ ሰዓት ጥቂት ዝቅ ብሎ ካለው የአበባ ሻጮች አደባባይ፣ ፕላሳ ዴ ላስ ፍሎሬስ፣ ቁጭ ይበሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። ከላ ካሌታ ትንሽ ገባ ብሎ ላ ቪኛ የሚባል የዓሣ አጥማጆች ሰፈር አለ፤ እዚያ የላ ፓልማ ቤተ ክርስቲያንን አሳዩአቸው። በ1755 ሊዝበንን ያፈረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ያስነሣው ባሕር ሰፈሩ ውስጥ ሲገባ ሕዝቡ የእመቤታችንን ምስል ይዞ ወጥቶ ውኃው ከዚያ እንዳላለፈ ይነገራል፤ የቆመበት ቦታም ተጽፎበታል። እናትሽ ከሮማውያኑ ቴአትር ይልቅ ይህን ቢወዱት አይገርመኝም።

የደብረ ብርሃኗ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በጣም ነው ያገዛችሁኝ። ቪዛውን ለጀርመን እናስገባለን፤ ሦስት ሳምንት እዚያ ነን። አንድ ጥያቄ ብቻ፦ ንፋሱ ከባድ ነው ሲሉ ሰማሁ። እማዬ ነጠላዋን ሳትለብስ አትወጣም። ቀኑ ንፋስ ወይም ዝናብ ቢሆንስ?

ጣርማበር፦

ንፋሱ ሌቫንቴ ይባላል፣ ከምሥራቅ ነው የሚመጣው። የጣርማበርን በር ለሚያውቅ ሰው ጉልበቱ አዲስ አይደለም። ልዩነቱ ብርድ አለመሆኑ ነው፤ ደረቅና ሞቃት ሆኖ አሸዋ ይዞ ይመጣል፣ ከጀመረም ቀናት ሊቆይ ይችላል። በጣም ከበረታ መርከቧ ወደቡን ትታ ልታልፍ ስለምትችል አስቀድማችሁ የማይመለስ ቲኬት አትግዙ።

እንዲህ ያለ ቀን ከሆነ የባሕር ዳሩን ትታችሁ መሃል ከተማውን ያዙ። መንገዶቹ ጠባብና ቤቶቹ ረጃጅም ስለሆኑ ንፋሱን ይሰብሩታል፣ ፀሐዩንም እንዲሁ። ከካቴድራሉ በገበያው በኩል ሙዚየሙ ድረስ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፤ ላ ካሌታን ማየት ከፈለጉ ከሙዚየሙ ታክሲ ይዛችሁ ደርሳችሁ መመለስ ነው። ስልካችሁ ላይ ያለው ካርታ በእነዚያ መንገዶች ውስጥ አንዳንዴ ይስታል፤ የመንገዱን ስም ጥጉ ላይ ካለው ጽሑፍ አንብቡ።

ነጠላቸውን ይልበሱ፣ ትከሻው ላይ በመርፌ ቁልፍ ይያዝ፤ ራሳቸው ላይ ሻሽ ይሰሩ። ጃንጥላ ይገለበጣል። ጥቅምት የዝናባቸው መግቢያ ስለሆነ ቢያካፋም አይግረማችሁ፤ የሚያስቸግረው መንገዱ ላይ የተነጠፈው ድንጋይ ብዙ ዘመን ተረግጦ የለዘበ መሆኑ ነው፣ ሲረጥብ ያንሸራትታል። ሶሉ ጎማ የሆነና የተበጣ፣ ተረከዙን የሚይዝ ጫማ ያድርጉ። አዲስም አይሁን፤ ከአሁኑ ገዝተው ደብረ ብርሃን ላይ ገበያ እየሄዱበት ያለማምዱት።